ሳልጠየቅ የሰጠሁት ስም

ሊወስዱኝ ሲመጡ መስኮት እየዘጋሁ ነበር። አሶሳ ላይ ክረምቱ ከገባ በኋላ ደመናው ሲጠቁር ቀድሜ ካልዘጋሁ ዝናቡ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉትን መጻሕፍት ያበሰብሳቸዋል። ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው "ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ" አለኝ። "ሦስት መስኮት ቀርቶኛል" አልኩት። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ የአንባቢ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጠበቀኝ። ሦስቱንም ዘጋሁ፤ መቀርቀሪያቸውን ደግሜ አየሁ፤ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠሁና ውጭ ወደቆመው ፒክአፕ ሄድኩ።

ይህን ያስቀደምኩት የዚያን ጊዜ ጠባዬን ለማሳየት ነው። የጎደለ ወይም የተዛባ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም ነበር። ሰዎች ጥንቁቅ ናት ይሉኛል፤ እኔም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። የማወራው ጥፋት የመጣው ከዚሁ ከምኮራበት ጠባዬ ነው።

ያስገቡኝ ቦታ ከከተማው ዳር ያለ የድሮ የማሽላ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የነቀዘ እህልና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ። ከግድግዳው አናት ላይ በብረት ፍርግርግ የተዘጋች አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የማንጎ ቅርንጫፍ ይታያል። ወለሉ ላይ አራት የቀርከሃ ምንጣፎች ተነጥፈዋል። በሁለቱ ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር።

አንደኛዋ በዕድሜ የገፉ የበርታ ሴት ናቸው። ጠባቂዎቹም ሳይቀሩ ሐጃ ነው የሚሏቸው። ወንድ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን አመጧቸው።

"ምን ይሠራል አንተ?" አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሁላችንንም አንተ ነበር የሚሉን።

"ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። መጽሐፍ አውሳለሁ።"

"አሃ! ኪታብ!" አሉ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሜ ኪታብ ሆነ።

ሁለተኛዋ ከባምባሲ የመጣች ኦሮሞ ሴት ናት፤ ገበያ እየዞረች ልባሽ ጨርቅ የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ። በጨርቅ መደቧ ዙሪያ ሰዎች ተሰብስበው አወሩ ተብላ ነው የታሰረችው። "እዚህ እንኳን ደህና መጣሽ አይባልም" አለችኝ። "ግን በዚያ በኩል ጣሪያው ያፈሳል፤ ያቺኛዋን ምንጣፍ ያዢ። ኋላ አልነገረችኝም እንዳትዪ።"

የታሰርኩት በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ከየወረዳው የተፈናቀሉ ሰዎች በከተማው ዳር አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ነበር፤ የሚሰጣቸው እህል እየቆየ ይቋረጣል። እኛ ሰባት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ በኋላ እየተሰበሰብን፣ እህሉ ለምን እንደሚቋረጥ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጀን። ጽሑፌ ንጹሕ ስለሆነ በእጄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሳንልከው ተያዘ። ወንዶቹን ሌላ ቦታ አሰሯቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለምርመራ ጠሩኝ። ማንም አልመታኝም። ይህን በግልጽ መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሰው ስለ እስሩ ሲጠይቀኝና ዝም ስል፣ ተደብድቤ የተናገርኩ የሚመስላቸው አሉ። እንዲመስላቸው የተውኩበት ጊዜም አለ።

መርማሪው ደከም ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰው ነበር። ሻይ አስመጣልኝ። ደብዳቤውን ዘርግቶ "ጽሑፉ ያንቺ ነው?" አለኝ። "አዎ፣ የእኔ ነው" አልኩ። ከዚያ ከአንዱ ባልደረባችን ኪስ የተገኘ የስም ዝርዝር አወጣና ከጎኑ ከተቀመጠው ጸሐፊ ጋር ይመለከት ጀመር። እኔን አይጠይቁኝም፤ የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው ነው። ስድስተኛውና የመጨረሻው ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የሴት ስም ነው፣ ከነአባቷ።

"ይቺ ሻይ ቤት ያላት ናት" አለ ጸሐፊው።

"የቷ? መናኸሪያ ጋ ያለችው?"

"አዎ፣ እሷ።"

መርማሪው ሳቀ። "እሷ? ስሟን እንኳ መጻፍ የማትችል ሴትዮ! እሷ ናት እንግዲህ ደብዳቤ የምታረቅልን! ተሳስተዋል፤ ሰርዘው።"

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሳ።

"ሌላ ናት" አልኩ።

ሁለቱም ቀና አሉ።

"በዚያ ስም የሚጠሩ ሁለት ሴቶች አሉ። የሻይ ቤቷ ሴት የአያት ስም ሌላ ነው። ይቺኛዋ ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ ናት።" የአያቷንም ስም ጨመርኩላቸው። ለመጻፍ እንዲመቸው ብዬ ቀስ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

ጸሐፊው ጻፈ። መርማሪው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ አየኝና "አመሰግናለሁ" አለኝ።

እስከዚያች ቃል ድረስ የተሰማኝ፣ ያለ ቦታው የገባ መጽሐፍ አግኝቼ ወደ መደርደሪያው ስመልስ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ ነበር። ያደረግሁትን ያሳወቀኝ የሰውየው ምስጋና ነው። ሻዩን ግን ጨርሼ ነው የተነሳሁት።

ስድቡ የጀመረኝ ወደ መጋዘኑ ስመለስ ነው። የተወለድኩት ፓዌ፣ ሰፈራ ጣቢያ ውስጥ ነው። ወላጆቼ ቶሎ ስለሞቱ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ትምህርት ቤት አላስገባችኝም። አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ዓመቴ፣ አሶሳ መጥቼ ሰው ቤት እየሠራሁ፣ በማታው ትምህርት ነው። አክስቴ እንግዳ ባለበት አንድ ቃል ከወጣኝ "አንቺን ማን ጠየቀሽ?" ትለኝ ነበር። አሁን ያው ድምፅ በጆሮዬ ውስጥ ገባ። አንቺን ማን ጠየቀሽ? ሀሁ ቆጠርኩ ብለሽ ሰው አስበላሽ። አንቺ ብሎ የተማረ። እህል ሳላምጥ፣ ውሃ ስጠጣ፣ ስጸልይም ጭምር ይሰድበኛል። መርማሪው "ስሟን እንኳ መጻፍ የማትችል" ሲል በውስጤ የተነሳው ነገር ከዚህ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ይገናኛል። እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቅ ሰው መሆኔን ላሳይ ፈልጌ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ማመካኛ ግን አይሆነኝም።

በነጋታው ነርሷን አመጧት። ነጭ ጋዋኗን ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። ገና ስታየኝ ሮጣ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ።

"እትዬ! እዚህ ነሽ? ውይ እትዬ፣ ብቻዬን መስሎኝ!"

በዕድሜ ጥቂት ስለምታንሰኝ ሁልጊዜ እትዬ ነበር የምትለኝ። የማውቀው ሰው አገኘሁ ብላ አለቀሰች፤ እኔ ጀርባዋን ደባበስኩ። ምንጣፏን ከእኔ ጎን አደረገች።

እሷ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። በዚያ ትምህርት ቤት የተጠለሉትን ሴቶች እየሄደች ታያቸው ነበር፤ እንቅልፍ ያጡትን፣ ሰው ሲጠራቸው የሚደነግጡትን። እኔንም ሁለት ቀን ዝም ብላ ስታየኝ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምንጣፌ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?"

"ከራሴ ጋር።"

"ምን ትልሻለች?"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ ትለኛለች።"

"ድምጿ የማን ነው?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ትንሽ አሰብኩና "የአክስቴ" አልኩ።

"በይ እንግዲያው አክስትሽን እናረጋጋት" አለች። "እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። እዚህ፣ ከእምብርትሽ ከፍ ብለሽ። አራት እስክቆጥር በአፍንጫሽ ትስቢያለሽ፤ ስድስት እስክቆጥር በአፍሽ ቀስ ብለሽ ታወጫለሽ። ትኩስ ነገር እንደምታበርጂ። ስድቡ ሲመጣ አትከራከሪው፣ አታባሪውም። 'ይኸው መጣ፤ ሐሳብ ነው' ትይና ወደ ትንፋሽሽ ትመለሻለሽ። መቶ ጊዜ ቢመጣ መቶ ጊዜ መመለስ ነው። ሌላ ሥራ የለውም።"

የባምባሲዋ ሴት ጸጉሯን እየጎነጎነች ታዳምጠን ነበር። "ማሎ!" አለች። "ትንፋሽም በትምህርት ሆነ? እኔ እስከ ዛሬ ሳልማር ስተነፍስ ኖሬ!"

"ለዚህ አይደል የታሰርሽው" አለቻት ነርሷ፣ "ያለ ፈቃድ ተንፍሰሽ!"

ሐጃ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ዘርግተው አሳዩን። "ይሄ እኛ ጋ አለ። ሱብሃነላህ ይላል፣ በጣት ይቆጥራል፣ ልብ ይቀመጣል።"

"ልክ ነዎት ሐጃ። አንድ ነው ሥራው።"

እኔ ግን ይህንንም እንደ ልማዴ አደረግሁት። አራት እስክትቆጥር ሳንባዬ ካልሞላ እንደገና እጀምራለሁ፤ ቁጥሩ ከጠፋኝ ራሴን እገሥጻለሁ። ብዙም ሳልቆይ ግድግዳው ዞረብኝ።

"ምነው እትዬ?"

"አራት አልሞላም። ሦስት ተኩል ላይ ነው ያለቀብኝ።"

ሳቋን መያዝ አቃታት። "እትዬ፣ ፈተና አይደለም። የሚያርምሽ የለም። ሦስት ተኩልም ይሁን፣ ዝም ብለሽ ሳቢ።"

ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ አላውቅም። አራታችንም ጠዋትና ከሰዓት ፊት ለፊት ተቀምጠን እናደርገው ጀመር። እሷ ትቆጥራለች፤ ሐጃ በጣታቸው ያደርሳሉ፤ የባምባሲዋ ሴት መጀመሪያ ለቀልድ፣ ኋላ ግን ዓይኗን ጨፍና። በሁለተኛው ቀን ስድቡ እየራቀ ሄደ። መምጣቱን አልተወም፤ ግን በሌላ ክፍል ውስጥ እንደሚወራ ወሬ ሆነብኝ። የማንጎው ቅጠል ቆርቆሮውን ሲነካካው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ከግድግዳው ስንጥቅ ነቀዝ ሲወጣ አይቼ እስኪገባ ድረስ ተከተልኩት።

ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው ያን ጊዜ ነው። ስድቡ ለካ ጫጫታ ነበር። ራሴን ስሳደብ ስውል ያደረግሁትን ነገር ማየት አያስፈልገኝም ነበር፤ በመሰደቤ ብቻ ዕዳዬን የምከፍል ይመስለኝ ነበር። ጫጫታው ዝቅ ሲል ነገሩ ራሱ፣ ያለ ምንም ስድብ፣ ፊቴ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ይቺ ሴት እዚህ ያለችው እኔ ስለተናገርኩ ነው። እያስተማረችኝ ያለችው እሷው ናት። የሻይ ቤቷን ሴት ለማዳን ብዬ ነው ለማለት ሞከርኩ። ግን ሊሰርዛት ነበር፤ እስክሪብቶው ተነስቶ ነበር። ማመካኛዬ ሁለት ትንፋሽ እንኳ አልቆየም።

ይባስ ብላ ታጽናናኝ ነበር። "ምንም ሳታጠፊ ነው ራስሽን የምትወቅሺው" ትለኛለች። "የታሰረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጥፋት ፈልጎ ያገኛል።" አንገቴን እደፋለሁ። እሷ ትሕትና ይመስላታል።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከሰዓት ለምርመራ እንደምትጠራ ነገሯት። ጠባቂዋ ከሄደች በኋላ ነርሷ ወደ እኔ ተጠግታ ድምፅዋን ቀነሰች።

"ማን አሳልፎ እንደሰጠኝ ደርሼበታለሁ።"

"ማነው?" አልኩ።

"የላብራቶሪው ነዋ! ከሰባታችን ሳይታሰር የቀረው እሱ ብቻ ነው። ከእኔ ጋር በሥራ ተጣልተን እንደነበር ታውቂያለሽ። ስሜን ሰጥቶ ራሱን አዳነ።" ጥርሷን ነከሰች። "ዛሬ ሲጠይቁኝ ስሙን እሰጣቸዋለሁ። ያረቀቀው እሱ ነው እላለሁ። መጥቶ ይቅመሳት!"

ሰውየውን አውቀዋለሁ። የሆስፒታሉ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ በመጨረሻዋ ቅዳሜ ነው የተቀላቀለን። ዝርዝሩ የተጻፈው እሱ ሳይመጣ ስለነበር ስሙ የለበትም፤ ያልታሰረው ለዚህ ነው። ሚስቱ አራስ ናት። ስሙ ዝርዝሩ ላይ አለመኖሩን በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ምሳ መጣ። የሐጃ ዘመዶች ገንፎ በባሚያ ወጥ ልከው ነበር፤ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው። ሐጃ ከዳሩ ቆርሰው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። "ኪታብ፣ ለምን አይበላም?" እጄን ሰደድኩ፤ መለስኩት። በማንኛውም ሰዓት በሩ ሊንኳኳ ይችላል። ከተጠራች በኋላ ብናገር ለማንም አይጠቅምም። አሁን ብናገር ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ ከእነዚህ ሴቶች ጋር እንዴት እንደምኖር አላውቅም።

እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ። ሳብኩ። ድምፁ መጣ፤ ያው የአክስቴ ድምፅ፣ ያችው ቃል። አንቺን ማን ጠየቀሽ? ሲሰድበኝ የከረመው አሁን ዝም እንድል ይመክረኛል። እውነትም ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ይኸው መጣ፤ ሐሳብ ነው አልኩ በልቤ። ቀስ ብዬ አወጣሁ። ስድስት መሙላቱን አልቆጠርኩም።

"እሱ አይደለም" አልኳት።

"ማን?"

"የላብራቶሪው ልጅ። እሱ አይደለም የሰጠሽ። እኔ ነኝ።"

ፈገግ ብላ እጄን ያዘችኝ። "እትዬ ደግሞ! አክስትሽ ተመለሰች እንዴ? ሐሳብ ነው በይ።"

"ሐሳብ አይደለም። የተደረገ ነገር ነው።"

ከዚያ በቅደም ተከተል ነገርኳት። ዝርዝሩን፣ የጸሐፊውን ግምት፣ ሊሰርዟት እንደነበር፣ ሁለት ሴቶች አሉ ማለቴን፣ የአያቷን ስም፣ አመሰግናለሁ መባሌን፣ ሻዩን። አንዱንም አልዘለልኩም። እጄን የለቀቀችው የአያቷን ስም ስጠራ ነው።

የባምባሲዋ ሴት ጉርሻዋን ይዛ ቀረች።

"መቱሽ?" አለችኝ ነርሷ።

"አልመቱኝም።"

"አስፈራሩሽ?"

"አላስፈራሩኝም።"

"ታዲያ ለምን?"

ብዙ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን እውነተኛው ነው። "ሊሳሳቱ ነበር" አልኳት።

እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። ከዚያ የሥራ ሰው በሆነ ድምፅ "ሌላ ምን ነግረሻቸዋል?" አለች።

"ስምሽንና የምትሠሪበትን ብቻ። ደብዳቤውን በእጄ የጻፍኩት እኔ መሆኔን አምኛለሁ። አንቺ ምን እንደሠራሽበት አልጠየቁኝም፤ እኔም አላልኩም።"

"ተነሺ ከዚህ" አለችኝ። "ምንጣፌን ልቀቂ።"

የራሴ ምንጣፍ ነበር፤ ከእሷው ጋር የተጋጠመ። ተነሳሁ። የምሄድበት ግን አልነበረም፤ መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ። የባምባሲዋ ሴት አንድ ነገር ልትለኝ አፏን ስትከፍት ሐጃ እጃቸውን አነሱ።

"ዲሲ አላልክም አንተ ሁልጊዜ? አሁን ዲሲ፣ ተወው" አሏት በራሷ ኦሮምኛ። ከዚያ ከጎናቸው ያለውን ወለል መታ መታ አደረጉ። "ኪታብ፣ ና ወደዚህ። አንተ ክፉ ሠራ። አሁን ደግሞ ተናገረ። ብላ።"

ተቀመጥኩ። በላሁ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። ጠባቂዋ ነርሷን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጠራቻት። ሦስቱም ስም አንድ ባንድ እላዬ ላይ ወረደ። ነርሷ ነጠላ ጫማዋን አደረገች፤ ጋዋኗን ከጠቀለለችበት ፈትታ ለበሰችው፤ ቁልፎቹን እስከ ላይ ቆለፈች። ወደ እኔ ሳታይ ወጣች።

ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም፤ ለዚያ አመሰገንኩ። ካባራ በኋላ ነው የመለሷት። ጋዋኗን አውልቃ ጠቀለለችና ተቀመጠች። ማንንም ሳታይ፣ ወደ ማንጎው ቅርንጫፍ እያየች፣ "የማንንም ስም አልሰጠሁም" አለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ "ልሰጥ ግን ነበር" አለች።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ጠዋትና ከሰዓት ትንፋሹን ሲያደርጉ እኔ ጥግ ይዤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ቆጠራዋ ይሰማኛል፤ በሷ ቆጠራ መተንፈስ ግን መብቴ ስላልመሰለኝ በራሴ እቆጥር ነበር፤ ከእሷ እንዳይገጥም እየተጠነቀቅሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እንደወትሮው "እጅ ሆድ ላይ" አለች። ቆጠራው ግን አልጀመረም። ጠበቅን። የባምባሲዋ ሴት "ምነው?" አለች።

"ፊትሽን ወደዚህ አዙሪ" አለች ነርሷ። ለእኔ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። "ለግድግዳ አይደለም የምቆጥረው።"

ዞርኩ። ዓይኗን ጨፍና ነበር። "አንድ" አለች።

እሷን ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈቷት። ስትወጣ ሐጃን ሳመች፣ የባምባሲዋን ሴት ሳመች፣ ለእኔ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ከወር በላይ ቆየሁ። የላብራቶሪው ሰው አልታሰረም፤ ስለዚያች ምሳ ሰዓትም እስከ ዛሬ የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። የሐጃ ልጅ መጨረሻው ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ወደ ሰፈራቸው ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ይህም ያሳፍረኛል።

አሁንም ያው ሥራ ላይ ነኝ። ጠዋት አንባቢ ሳይገባ አንድ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ፤ እጄን ሆዴ ላይ አደርጋለሁ። ስለ ትንፋሽ ጥቅም የሚያወሩ ሰዎች፣ በሬዲዮም በስልክም፣ ሰውን ቀለል ያደርገዋል ይላሉ። እኔን አላቀለለኝም። ስድቡ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አንቺ የማትረቢ፣ አንቺ ወሬኛ። እሱ እንዲሄድ እለቀዋለሁ። እሱ ሲሄድ የሚቀር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ሳልጠየቅ ሰው አሳልፌ ሰጠሁ የሚል። ይሄኛው ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ እንዲሄድልኝም አልጠይቅም። ትንፋሹ የጠቀመኝ ሁለቱን እንድለይ ነው።

ይህን ለመጻፍ ስነሳ ነርሷን ደወልኩላት። ወደ ሌላ ክልል ተዛውራለች፤ ስልኳን ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ። ከዚያ "ልጽፈው ነው" አልኳት።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ሻዩንም።"

ትንፋሿ በስልኩ ይሰማኛል፤ እየቆጠረች ይሁን አይሁን አላውቅም።

"የኔንም ትጽፊያለሽ? ልሰጥ ነበር ያልኩትን?"

"አትጻፊ ካልሽኝ እተወዋለሁ።"

"ጻፊው" አለች። "ስሜን ግን እንዳታነሺ።"

"እሺ።"

"የማንንም።"

"የማንንም አላነሳም።"

እትዬ አላለችኝም። መልካም ቀን ተባባልንና ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ተቀምጬ ጻፍኩት። ሁሉንም በሥራቸው ወይም በመጡበት ነው የጠራኋቸው፤ አሶሳ ውስጥ ሐጃ የሚባሉ ብዙ ናቸው፣ ነርሶችም ብዙ ናቸው፣ ባምባሲም ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ አይጠፋም። ጽሑፉን ደጋግሜ ሳነበው፣ ስም መኖር በሚገባው ቦታ ሁሉ ዓይኔ ይቆማል፤ እጄን ይበላኛል። ጎደሎ ነው። እንደጎደለ ትቼዋለሁ።